አፈር የውኃ ጎተራ ነው
በተዳፋት መሬት ላይ አፈርንና ውኃን ጠብቆ ስለ ማረስ

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜኑና በሌሎችም የአገሪቱ ክፍሎች ሕዝብ በረሃብ ባለቀ ጊዜ ስለ መንስኤው የተሰጠው የመጀመሪያ መልስ «ዝናብ ጠፋ» የሚል ነበር። መልሱ እውነት ነው፤ ሆኖም ሙሉ አይደለም። ዝናብ ባነሰበት ዓመት እንኳ አንዳንድ ቀን ድንገተኛ ዶፍ ይወርዳል፤ ዶፉም በተራቆተው ተዳፋት ላይ ሳይቆይ ድፍርስ ጎርፍ ሆኖ ወደ ወንዝ ይገባል። በማግስቱ ማሳው እንደገና ይጠማል። ስለዚህ የድርቅን ጉዳይ የሚያጠና ሰው «ከሰማይ ምን ያህል ውኃ ወረደ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ «ከወረደውስ ምን ያህሉ በመሬት ውስጥ ቀረ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

የዚህ ትምህርት ዓላማ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። በመጀመሪያ አፈር ውኃን እንዴት እንደሚይዝና እንዴት እንደሚሸረሸር፣ ቀጥሎ በአገራችን የተሞከሩት የጥበቃ ሥራዎች ምን እንዳስተማሩ፣ በመጨረሻም ሥራው በምን ቅደም ተከተል መከናወን እንዳለበት ይገለጻል።

1. ጎተራው ምን ያህል ይይዛል?

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር መሬት ላይ ሲወርድ 10,000 ሊትር ውኃ ይሆናል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል በዚያው ሄክታር ላይ የወረደው 300,000 ሊትር ነው። ይህ ውኃ 20 ሊትር በሚይዝ እንስራ ቢቀዳ 15,000 እንስራ ይሞላል። ይህን ያህል ሀብት በአንድ ቀን ለገበሬው ተሰጥቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያመልጠው ይችላል።

ውኃውን ተቀብሎ ለሰብሉ የሚያቆየው አፈሩ ነው። መካከለኛ ቅንብር ያለውና አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ጥሩ አፈር ተክል ሊጠቀምበት የሚችል 150 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ይይዛል። በዕድገቱ መካከል ያለ ሰብል በፀሐያማ ቀን እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ውኃ ይጠጣል። በዚህ ስሌት መሠረት አንድ ሜትር አፈር ጠግቦ ከነበረ ዝናብ ቢቋረጥ እንኳ ሰብሉን አንድ ወር ያህል ሊያቆየው ይችላል። አፈሩ ተሸርሽሮ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከቀረ ግን የሚይዘው 30 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ስንቁ በ6 ቀን ያልቃል።

የሁለት ጎረቤታሞች ማሳ በአንድ ዝናብ ሥር እያለ የአንደኛው ሰብል በነሐሴ መጨረሻ ሲጠወልግ የሌላው ለምልሞ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ጎተራው ሰፊ የሆነለት የአሥር ቀኑን ፀሐይ ያልፈዋል፤ ጎተራው የጠበበበት ግን በዓመቱ አጠቃላይ ዝናብ ሳይጎድል በረሃብ ይመታል። ከዚህ የምንረዳው አፈርን መጠበቅና ድርቅን መከላከል አንድ ሥራ መሆናቸውን ነው።

2. አፈር እንዴት ይሸሻል?

የአፈር መከላት የሚጀምረው ዓይን በማያየው ሁኔታ ነው። በመጀመሪያ የዝናቡ ጠብታ ባዶውን መሬት እየደበደበ እብጣሉን ያፈርሰዋል። የፈረሰው ደቃቅ አፈር የመሬቱን ቀዳዳዎች ስለሚደፍናቸው ውኃው መስረግ ያቅተውና በላይ መፍሰስ ይጀምራል። የሚፈሰው ውኃ በማሳው ላይ በስሱ ተዘርግቶ ለሙን አፈር ይዞ ይሄዳል፤ ቀጥሎ እንደ ጣት ቀጫጭን የሆኑ ቦዮችን ያወጣል፤ ቦዮቹ ተገናኝተው ሲሰፉ ቦረቦር ይሆናሉ። ሰዎች አደጋውን የሚያስተውሉት ብዙውን ጊዜ ቦረቦሩ ሲከፈት ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት የነበረው ዝምተኛ መከላት የማሳውን ቅቤ ወስዶታል።

የጎርፍ ጉልበት በፍጥነቱ ይወሰናል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ በአራት እጥፍ ያድጋል። ተዳፋቱ በጨመረና ውኃው ያለ ማቋረጫ የሚሮጥበት ርቀት በረዘመ ቁጥርም ፍጥነቱ ይጨምራል። ስለዚህ የጥበቃ ሥራ ሁሉ ቁም ነገሩ በሁለት ቃል ሊጠቃለል ይችላል፤ ይኸውም ውኃውን ማዘግየትና ማስረግ ነው።

በደጋውና በወይና ደጋው አገር አደጋውን የሚያባብሱ የአስተራረስ ልማዶችም አሉ። ጤፍ የላመ መሬት ስለሚፈልግ ማሳው ደጋግሞ ይታረሳል፤ የሚዘራውም ዘግይቶ በመሆኑ ኃይለኛው የሰኔና የሐምሌ ዝናብ የሚያገኘው ባዶና ልም መሬት ነው። ማረሻ አንዱን እርሻ በሌላው ላይ አቋርጦ እንዲያርስ ስለሚያስፈልግ ከሁለት አንዱ እርሻ ወደ ቁልቁለቱ ያዘነብላል። ገበሬው ውኃ ሰብሉን እንዳያጥለቀልቅበት የሚያወጣው ፈሰስም በጥንቃቄ ካልተመራ የቦረቦር መነሻ ይሆናል። በሌላ በኩል የማገዶ እንጨት በመጥፋቱ ኩበቱ በምድጃ ውስጥ ይነድዳል፤ ገለባው ለከብት ይሰጣል፤ ወደ አፈሩ የሚመለስ ብስባሽ አይኖርም። ብስባሽ ያጣ አፈር ደግሞ ውኃ የመያዝ ችሎታው ይቀንሳል።

እነዚህን ልማዶች የገበሬው ስንፍና ወይም አለማወቅ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። እያንዳንዳቸው የመጡት ከችግር ነው። ኩበት የሚያነድደው ቤተሰብ እንጨት ቢያገኝ ኖሮ ኩበቱን ለማሳው ባላሳጣ ነበር።

3. ከምርምር ጣቢያዎች የተገኘ ዕውቀት

እ.ኤ.አ. በ1981 የግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክትን አቋቋመ። የመጀመሪያው ጣቢያ በወሎ፣ ከደሴ ከተማ ብዙም ሳይርቅ በማይባር ተከፈተ። ቀጥሎም በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በወላይታ ጉኑኖ፣ በኢሉባቦር ዲዚ ሌሎች ጣቢያዎች ተቋቋሙ። በየጣቢያው ዝናቡ፣ ጎርፉና ጎርፉ ይዞት የሚሄደው አፈር ለብዙ ዓመታት ሲለካ ቆይቷል።

በእነዚህ ልኬቶች ላይ ተመሥርተው ፕሮጀክቱን የመሩት ሃንስ ሁርኒ ባወጡት ግምት ከታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይሸሻል። ከግጦሽ መሬት 5 ቶን፣ ከደን መሬት ደግሞ 1 ቶን ያህል ብቻ ነው። 42 ቶን ማለት 420 ኩንታል ማለት ነው። ከአንድ ሄክታር 10 ኩንታል እህል የሚያገኝ ገበሬ፣ ወደ ጎተራው ለሚያስገባው ለእያንዳንዱ ኩንታል እህል 42 ኩንታል አፈር ከማሳው ይወጣበታል። በጥልቀት ሲሰላ ኪሳራው በዓመት 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ይህ በአንድ ዓመት አይታይም፤ በ30 ዓመት ውስጥ ግን 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አባት ያረሰውን ጥልቅ አፈር ልጅ ሳያገኘው ይቀራል።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ይፋ ያደረገው የደጋማው ክፍል ጥናት በበኩሉ ከአገሪቱ ደጋማ መሬት በየዓመቱ 1.9 ቢሊዮን ቶን አፈር እንደሚሸረሸር ገምቷል። የሁለቱ ጥናቶች አቀማመር የተለያየ ቢሆንም መልእክታቸው አንድ ነው፤ አፈሩ በተፈጥሮ ከሚተካበት ፍጥነት ይልቅ የሚሸሽበት ፍጥነት ይበልጣል።

4. የዘመቻው እርከን ለምን ፈረሰ?

ከ1966ቱ ድርቅ በኋላ፣ በተለይም ከ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓ.ም.) አንሥቶ፣ በገበሬ ማኅበራት አማካይነት ሰፊ የእርከንና የችግኝ ሥራ ተካሂዷል። ሥራው ባብዛኛው በዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታ የተደገፈ ሲሆን ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ግራም እህልና 120 ግራም ዘይት ይታደል ነበር። በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር እርከን ተሠርቷል፤ ኮረብታዎች ተከልለዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ችግኝ ተተክሏል። እህሉም በክፉ ቀን የብዙ ቤተሰብ ሕይወት አትርፏል።

ይሁን እንጂ በየካቲት ወር 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ከታወጀ በኋላ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ሲለወጥ፣ በብዙ ቦታ እርከኖቹን ያፈረሷቸው የሠሯቸው ገበሬዎች ራሳቸው ነበሩ። የተከለለው ደንም በብዙ ሥፍራ ተመነጠረ። ይህን በቁጭት ብቻ ማለፍ አይጠቅምም፤ ምክንያቱን መመርመር ያሻል።

አንደኛ፣ የእርከኑ ቦታና ርቀት የተወሰነው ከላይ በመጣ ልክ እንጂ ከማሳው ባለቤት ጋር በመመካከር አልነበረም። ጠባብ ሆኖ በተሠራበት ቦታ በሬ ጠምዶ መዞር አስቸገረ። ሁለተኛ፣ እርከኑ ከሚታረሰው መሬት ቀላል የማይባል ድርሻ ወሰደ። ግማሽ ሄክታር ላለው ቤተሰብ ከአሥር እጅ አንዱን ማጣት የአንድ ወር ቀለብ እንደ ማጣት ነው። ሦስተኛ፣ የድንጋዩ ካብ የአይጥ መኖሪያ ሆነ። አራተኛ፣ ዝናብ በሚበዛበት አገር ደረጃውን የጠበቀ ቀጥተኛ እርከን ውኃ አቁሮ ሰብል አበሰበሰ። አምስተኛ፣ መሬት በየጊዜው እየተሸነሸነ ይከፋፈል ስለነበር ዛሬ የደከመበትን ማሳ ነገ ሌላ ሰው ሊወስደው እንደሚችል የሚያውቅ ገበሬ ለሃያ ዓመት የሚሆን ካብ ለመካብ ልቡ አይነሣሣም። በመጨረሻም፣ እርከኑ የተሠራው ለስንዴው ሲባል ስለነበር ስንዴው ሲቋረጥ ጥገናውም አብሮ ተቋረጠ።

በምርምር ጣቢያዎቹ የተገኘው ውጤትም የገበሬውን ቅሬታ ደግፏል። እርከኖቹ አፈሩን በእርግጥ አስቀርተዋል፤ ምርቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሚታይ ሁኔታ አልጨመረም። የጥበቃ ሥራ ፍሬው የሚዘገይ በመሆኑ እስከዚያው ድረስ ገበሬው የሚጠቀምበት ነገር በእርከኑ ላይ መኖር አለበት። ይህ ከዘመቻው ዘመን የተገኘ ዋና ትምህርት ነው።

5. ሥራው በምን ቅደም ተከተል ይከናወን?

አፈርና ውኃ የማሳን ወሰን አያውቁም። ጎርፍ ከአንዱ ማሳ ተነሥቶ የሌላውን ስለሚያጠፋ ሥራው መጀመር ያለበት በአንድ ተፋሰስ ያሉት ባለ መሬቶች በሙሉ ተሰብስበው ከተስማሙ በኋላ ነው። ከስምምነቱ ቀጥሎ የሚከተለው ደንብ «ከላይ ወደ ታች» የሚል ነው። ታች ያለውን ቦረቦር ለመድፈን መጣደፍ፣ ላይ ያለው ራቁት ኮረብታ ጎርፉን እየላከ፣ በቀዳዳ ወንፊት ውኃ እንደ መቅዳት ይቆጠራል።

ሀ. ኮረብታውን መከለል። የተራቆተ ኮረብታ ከከብትና ከመጥረቢያ ሲጠበቅ ሣሩና ቁጥቋጦው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ራሱ ይመለሳል። ነዋሪው ሣሩን እያጨደ ለከብቱ እንዲወስድ፣ የንብ ቀፎም እንዲሰቅል ሲፈቀድለት ክልሉን ራሱ ይጠብቀዋል። ጥቅሙ ለማን እንደሚሆን ሳይነገረው የሚከለል ኮረብታ ግን ዘበኛ ቢቆምለትም አይቆይም።

ለ. የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ። በኮረብታውና በእርሻው ድንበር ላይ የሚቆፈረው ቦይ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ተቀብሎ በሣር ወደ ለበሰ የውኃ መውረጃ ያደርሰዋል። መውረጃው ከቦዩ ቀድሞ መዘጋጀትና ሣር መልበስ አለበት፤ አለዚያ ቦዩ ራሱ አዲስ ቦረቦር ይወልዳል።

ሐ. እርከን። የእርከን መስመር በዓይን ግምት አይወጣም። ሁለት እኩል ርዝመት ያላቸው ምርኩዞች፣ 10 ሜትር ገመድና በገመዱ መካከል የሚንጠለጠል ውኃ ልክ ካሉ ሦስት ሰዎች ሊቀይሱት ይችላሉ። ተዳፋቱ ከመቶ 15 ባነሰበት መሬት በሁለት እርከኖች መካከል የአንድ ሜትር የከፍታ ልዩነት ይደረጋል። በዚህ መሠረት ተዳፋቱ ከመቶ 5 ከሆነ የእርከኖቹ ርቀት 20 ሜትር፣ ከመቶ 10 ከሆነ 10 ሜትር ይሆናል። ተዳፋቱ ከመቶ 15 ሲበልጥ የከፍታው ልዩነት የአፈሩ ጥልቀት በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይገኛል። ለምሳሌ ተዳፋቱ ከመቶ 20፣ የአፈሩ ጥልቀት 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የከፍታው ልዩነት 1.25 ሜትር፣ ርቀቱ ደግሞ ከ6 ሜትር ትንሽ በለጥ ያለ ይሆናል። ዝናብ በሚያጥርበት አገር መስመሩ ፍጹም ደልዳላ ሆኖ ውኃውን ያስቀራል፤ ዝናብ በሚበዛበት አገር ግን ወደ ውኃ መውረጃው በጥቂቱ ያዘነብላል። ዝንባሌው ከመቶ አንድ መብለጥ የለበትም።

ከኬንያ የመጣው «ፋኛ ጁ» የተባለው የእርከን ዓይነት ከቦዩ የሚወጣው አፈር ወደ ላይኛው በኩል የሚጣልበት ነው። ጉልበት ይጠይቃል፤ ነገር ግን አፈሩ ከግድቡ በላይ ቶሎ ስለሚጠራቀም ተዳፋቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ደረጃነት ይለወጣል።

መ. በእርከኑ ላይ መትከል። ባዶ እርከን ዕዳ ነው፤ ሣር የለበሰ እርከን ግን ሀብት ነው። የዝሆን ሣር፣ ደሾና ቬቲቨር ሥራቸው አፈሩን ቆንጥጦ ይይዛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥሩ የከብት መኖ ናቸው። ቬቲቨር ደግሞ ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ ስለሚሄድ ከሰብሉ ጋር አይሻማም። በደጋው ትሪ ሉሰርን፣ በወይና ደጋው ሰስባንያ መኖና ማገዶ ይሰጣሉ። ባሕር ዛፍ ከማሳ ውስጥና ከምንጭ አጠገብ መራቅ አለበት።

ሠ. ቦረቦርን መከተር። ክትሩ መሐሉ ዝቅ ብሎ ውኃ እንዲያሳልፍ፣ ጎንና ጎኑ ደግሞ ወደ ግድግዳው ዘልቆ እንዲገባ ይደረጋል። ከክትሩ ሥር ውኃው የሚያርፍበት ድንጋይ ይነጠፋል። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል መሆን አለበት። አንድ ትልቅ ክትር ከመሥራት ብዙ ትናንሽ መሥራት ይሻላል፤ ትልቁ ሲፈርስ የሚያደርሰው ጥፋት ከቀድሞው ይከፋልና።

ረ. በማሳው ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ። የመጨረሻው እርሻ ተዳፋቱን አቋርጦ እንዲሆን ማድረግ፣ እህልን ከባቄላ፣ ከአተርና ከምስር ጋር ማፈራረቅ፣ ገለባውን በከፊል በማሳው ላይ መተው፣ ኮምፖስት ማዘጋጀት ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎች ናቸው። ደረቅ በሆነው ቆላ ደግሞ ትልሙን በየተወሰነ ርቀት በአፈር መቋጠር እያንዳንዱ ትልም እንደ ትንሽ ኩሬ ውኃ እንዲይዝ ያደርገዋል።

6. የተሳካላቸው

የኮንሶ ሕዝብ ማንም ሳያዝዘው ከ400 ዓመታት በላይ፣ ለ21 ትውልድ ያህል፣ ደረቁን ኮረብታ በድንጋይ ካብ ሲያርስ ኖሯል። አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ከፍታ አለው። ዩኔስኮ ይህን ምድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የኮንሶ ምሥጢር ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ የፈረሰው ካብ በየዓመቱ መጠገኑ ነው።

በጎጃም አንጀኒ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራው ፋኛ ጁ ቀስ በቀስ ማሳውን ወደ ደረጃ ለውጦታል። በትግራይ፣ በክልተ አውላዕሎ ወረዳ የምትገኘው የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ ሁኔታ ደግሞ ከሰፈራ ጉዳይ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። መሬቷ ተራቁቶ፣ ውኃዋ ነጥፎ ነዋሪዎቿ ወደ ሌላ ቦታ ለመስፈር ተቃርበው ነበር። ይሁን እንጂ ኮረብታውን ከልለው፣ እርከንና ክትር ሠርተው፣ ጎርፉን ወደ መሬት አስረጉት። የከርሰ ምድሩ ውኃ ከፍ ሲል ከመቶ የሚበልጡ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ የፍራፍሬና የአትክልት ማሳም ለማ። ቀበሌዋ እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳቶር ሽልማት ተቀብላለች።

7. መሬት ቢለወጥም ሕጉ አይለወጥም

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥተው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ተወስደዋል። ብዙዎቹ የተወሰዱት ያለ ፈቃዳቸው ነው፤ በመንገድና በአዲሱ ቦታ በበሽታ ያለቀውም ሰው ብዙ ነው። ከዚያ መከራ የሚቀሰመው አንዱ ትምህርት መሬትን ጥሎ መሄድ የመሬትን ችግር እንደማይፈታ ነው። አዲሱም መሬት ደኑ ተመንጥሮ፣ ተዳፋቱ ያለ እርከን ከታረሰ በአንድ ትውልድ ውስጥ የተተወውን መምሰሉ አይቀርም። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው፣ ሰው ከአያቶቹ መቃብርና ከዘመዶቹ ሳይነጠል በቀዬው የሚኖርበትን አፈር ማትረፍ ነው።

ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠቱ የካቡ ባለቤት ማን እንደሆነ ስላሳወቀ ለዚህ ሥራ ረድቷል። በዘመቻ የሚሠራው የተፋሰስ ልማትም ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ እንደገና ተስፋፍቷል። ዘመቻ ብዙ እጅ ያሰባስባል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ነገር ግን እርከንን ለዓመታት የሚያኖረው ዘመቻው ካለፈ በኋላ፣ ከመጀመሪያው ዶፍ ማግስት፣ ማሳውን ዞሮ የተናደችውን አንዲት ድንጋይ ወደ ቦታዋ የሚመልስ ባለ መሬት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ የደረቀ ወይም ውኃው የቀነሰ ምንጭ አለ? ከምንጩ በላይ ያለው መሬት በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል?

2. በማሳችሁ ከላይኛው ጫፍና ከታችኛው ጫፍ ጉድጓድ ቆፍራችሁ የአፈሩን ጥልቀት ለኩ። ልዩነቱ ምን ያህል ነው? ዝናብ ቢቋረጥ ሰብሉ በየትኛው ጫፍ ስንት ቀን ይቆያል?

3. ቀደም ሲል ተሠርቶ የፈረሰ እርከን ካለ የፈረሰው በጎርፍ ነው ወይስ በሰው እጅ? በሰው እጅ ከሆነ ባለ መሬቱ የሚሰጠው ምክንያት ምንድን ነው? ምን ቢሻሻል መልሶ ይሠራዋል?